«ፋራንግ»ና «ፈረንጅ»፦ አንድ ሥር፣ ሁለት ጎዳና

በሰሜን ታይላንድ፣ በቺያንግ ማይ ከተማ ገበያ፣ አንድ ነጭ ሰው ከፍራፍሬ ጋሪ ፊት ይቆማል። ሻጯ አረንጓዴውን ዘይቱን (ጉዋቫ) በቢላ ትከታትፍና በላስቲክ ከረጢት ታደርግለታለች፤ ጨው፣ ስኳርና የተፈጨ ሚጥሚጣ የተቀላቀለበት ትንሽ ጥቅልም ትጨምርለታለች። ሰውዬው አንዱን ቁራጭ አጥቅሶ ሲጎርስ ሻጯ ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ «ፋራንግ ኪን ፋራንግ!» ትላለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። «ፋራንግ ፋራንግ በላ» ማለቷ ነው። በታይኛ የዘይቱኑም የሰውዬውም ስም አንድ ነው። ከታይ ሕዝብ ጋር የኖረ ምዕራባዊ ሁሉ ይህን ጨዋታ ያውቀዋል፤ በገባ በሳምንቱ ይሰማዋል፣ በአሥረኛ ዓመቱም ይሰማዋል።

ይህን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ጆሮው ቀጥ ማለቱ አይቀርም። «ፋራንግ»፣ «ፈረንጅ»። የድምፅ መገጣጠም ብቻ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሁለቱ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው። የባንኮክ ልጆች መንገደኛውን እያዩ «ፋራንግ! ፋራንግ!» ሲሉና የአዲስ አበባ ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ሲሉ የሚጮኸው ያው አንድ ቃል ነው።

ግንዱ «ፍራንክ» ይባላል። ፍራንኮች የሮም መንግሥት በምዕራብ ሲፈርስ ጎልን፣ ማለትም የዛሬውን ፈረንሳይ፣ የያዙ ጀርመናዊ ነገዶች ነበሩ። እነሱን በአንድ ዘውድ ሥር የሰበሰበው ንጉሥ ክሎቪስ በ511 ሞተ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ800 ደግሞ የፍራንኮቹ ንጉሥ ሻርለማኝ በሮም ከጳጳስ ሊዮን ሦስተኛ እጅ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ደፋ። ብዙ ሊቃውንት «ፍራንክ» የሚለውን ስም «ጦር» ከሚል ጥንታዊ የጀርመኖች ቃል ያወጡታል። በጎል ምድር ሙሉ ነፃነት የነበረው ፍራንኩ ስለነበር «ፍራንክ» ውሎ አድሮ «ነፃ ሰው» ማለት ሆነ። የፈረንሳይ የቀድሞው ገንዘብ ፍራንክም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥር ነው፤ እሱ ወደ አማርኛ ገብቶ «ፍራንክ የለኝም» አሰኝቶናል። አማርኛ እንግዲህ ይህን ሥር ሁለት ጊዜ ተቀብሎታል፤ አንድ ጊዜ ለሰው፣ አንድ ጊዜ ለገንዘብ።

የአንድ ነገድ ስም የአህጉር ስም የሆነው በጦርነት ነው። በ1099 የመስቀል ጦረኞች ኢየሩሳሌምን ሲይዙ በሠራዊቱ ውስጥ ኖርማኑም፣ የፍላንደርሱም፣ ጣልያኑም፣ ጀርመኑም ነበረበት። ዐረቦች ግን ይህን ሁሉ አልለዩም፤ ከባሕር ማዶ የመጣውን የምዕራብ ክርስቲያን በሙሉ «ኢፍራንጅ» አሉት። ፋርሶችም «ፋራንግ» አሉት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቃሉ ነገድን መጥራቱ ቀረና የሩቅ ምዕራብ ሰው መጠሪያ ሆነ።

እዚህ ላይ የቃሉን የመጨረሻ ድምፅ ልብ ብሎ መስማት ይገባል፤ የመጣበት መንገድ የሚታወቀው በእሱ ነውና። ፋርስኛ «ግ»ን እንዳለ ይይዛል፤ «ፋራንግ» ብሎ ይጨርሳል። የጥንቱ ጽሑፋዊ ዐረብኛ ግን «ግ» ስለሌለው በቦታው «ጅ»ን አስገባ። የታይኛው ቃል በ«ንግ» ማለቁ በፋርስ ነጋዴዎች አፍ እንደደረሰ ያመለክታል። የእኛው በ«ጅ» ማለቁ በቀይ ባሕር በኩል፣ ከዐረብኛ እንደመጣ ይነግረናል። ግእዙ ደግሞ «አፍርንጅ» ሲል የዐረብኛውን የፊት አናባቢ ሳይቀር ይዞ አቆይቷል። አንድ ስንቅ በሁለት ጎዳና ተጭኖ ሄደ፤ አንዱ በሕንድ ውቅያኖስ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው በቀይ ባሕር ወደ ደጋው።

በምሥራቁ ጎዳና ጫፍ አዩታያ ነበረች፤ ከ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በ1767 በበርማ ጦር እስክትፈርስ ድረስ የሲያም (የቀድሞዋ ታይላንድ) ዋና ከተማ። በወንዞቿ ዳር የፋርስ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የማላይ ነጋዴዎች ሰፈር ሰፈራቸውን ይዘው ይኖሩ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከፋርሷ ከተማ ከቁም የመጣው ሼኽ አሕመድ በሲያም ቤተ መንግሥት ትልቅ ሹመት እስከማግኘት ደርሷል፤ ዘሮቹም እስከ ዛሬ ከታይላንድ ታላላቅ ቤተሰቦች መካከል ናቸው። ሲያሞች ምዕራባውያንን በምን ስም እንደሚጠሩ ከእነዚህ ጎረቤቶቻቸው ሰምተው ነበር ማለት ነው።

ስሙ አካል የለበሰው በ1511 ነው፤ ክሎቪስ ከሞተ ልክ 1000 ዓመት በኋላ። የፖርቱጋሉ የጦር አዛዥ አፎንሶ ደ አልቡከርክ የማላይዋን ወደብ ማላካን በያዘበት ዓመት ዱዋርቴ ፈርናንዴዝ የተባለውን መልእክተኛ ወደ አዩታያ ላከ። ይህ ለእኛም ቅርብ ታሪክ ነው። በዓመቱ፣ በ1512 መጨረሻ፣ ያው አልቡከርክ በሕንድ አገር በጎአ የተቀበለው እንግዳ የእቴጌ እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ ነበር። በ1520 የፖርቱጋል ልዑካን ምጽዋ ወረዱ፤ በ1541 ደግሞ የክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ተከተሉ። «ፋራንግ»ንም «ፈረንጅ»ንም በአካል ያመጡት የአንድ መንግሥት ሰዎች ናቸው።

ብዙ የታይላንድ ሰዎች ግን ሌላ ማብራሪያ አላቸው። ፈረንሳይ በታይኛ «ፋራንግሴት» ስለምትባል «ፋራንግ» የእሷ አጭር ስም ይመስላቸዋል። በንጉሥ ናራይ ዘመን፣ በ1685፣ የሉዊ 14ኛ መልእክተኛ በታላቅ ክብር አዩታያ መግባቱም ግምቱን አጠንክሮታል። ግን ከዚያ አስቀድሞ ቃሉ ከፖርቱጋሎች ጋር ባሕሩን ሁሉ አዳርሶት ነበር። በ1517 ጓንግጆ የደረሱትን ፖርቱጋሎች ቻይናዎች «ፎላንጂ» አሏቸው፤ መድፎቻቸውንም በዚያው ስም ጠሩ። በስሪላንካ ፖርቱጋሉ «ፓራንጊ» ነው። በማሌዢያዋ የፔናንግ ደሴት «ባቱ ፈሪንጊ»፣ የፈረንጅ አለት፣ የሚባል የባሕር ዳርቻ እስከ ዛሬ አለ። ካምቦዲያ «ባራንግ» ስትል ግን ዛሬ ፈረንሳዊውን ማለቷ ነው፤ የገዛት እሱ ነበርና። ቃሉ በየደረሰበት በር ያገኘውን ፊት ወስዷል።

በታይላንድ ደግሞ ከሰው አልፎ ወደ ማድቤት ገባ። ድንች «ማን ፋራንግ» ነው፤ የፈረንጅ ሥራ ሥር። አስፓራገስ «ኖ ማይ ፋራንግ»፣ የፈረንጅ የቀርከሃ ቡቃያ ነው። ማስቲካ «ማክ ፋራንግ» ይባላል፤ «ማክ» አዛውንቶች ሲያኝኩት ጥርስና ከንፈር የሚያቀላው ፍሬ ስለሆነ፣ ማስቲካ የፈረንጅ ማክ ሆነ። «ፓክ ቺ ፋራንግ»፣ የፈረንጅ ድንብላል፣ ዳሩ ጥርስ ጥርስ ያለው ረጅም ቅጠል ነው፤ ትውልዱ አውሮፓ ሳይሆን የአሜሪካ ሞቃት ምድር ነው። ዘይቱንም ከዚያው ምድር ነው፤ እሱ ግን «የፈረንጅ እንዲህ» ለመባል የሚመስለው የአገር ፍሬ አላገኘምና ባለ መርከቦቹ ስማቸውን እንዳለ ለቀቁለት።

ይህ የታይ ብቻ ጠባይ አይደለም። ፋርሶች ቲማቲምን «የፈረንጅ ፕለም»፣ እንጆሪን «የፈረንጅ ቱት» ይላሉ። እኛ የፈረንጅ ዶሮ፣ የፈረንጅ ላም፣ የፈረንጅ ጥድ እንላለን። የፈረንጅ ጥዱ ሳይንሳዊ ስሙ «የፖርቱጋል» የሚል ቢሆንም ትውልዱ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። «ብርቱካን» ስንል በዐረብኛ በኩል የመጣውን የፖርቱጋልን ስም እየጠራን ነው። ዘይቱን ያልነው ፍሬም ስሙን የወሰደው በዐረብኛ ከወይራ ነው። ሕዝብ እንግዳን ነገር የሚያለምደው እንዲህ ነው፤ ከሚያውቀው ጋር ያመሳስለዋል፣ ከዚያ የመጣበትን ይጨምርበታል።

በሰው ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። ታይኛ የውጭ አገር ሰውን ሁሉ ፋራንግ አይልም። ጃፓናዊው በአገሩ ስም ይጠራል። ሕንዱና ዐረቡ «ካኤክ» ይባላል፤ ቃሉ «እንግዳ» ማለት ነው። ፋራንግ የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ነጭ ነው። ኖርዌይ ይምጣ ካናዳ፣ ትናንት ይግባ ከ30 ዓመት በፊት፣ ሁሉም በዚያ አንድ ቃል ውስጥ ይገባል። ምዕራባውያኑ ከንፈር የሚነክሱት እዚህ ላይ ነው። «ስድብ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ክርክራቸው የማያረጀውም ለዚህ ነው።

ክርክሩን የሚያባብሰው ኑሮው ነው። በብሔራዊ ፓርክ በር ላይ ለውጭ ሰው የሚጠየቀው ዋጋ ለአገሬው ከሚጠየቀው ይበልጣል፤ የአገሬው ዋጋ አንዳንዴ በታይ አኃዝ ስለሚጻፍ ፊደሉን ያልተማረ ሰው ልዩነቱን አያየውም። የረጅም ጊዜ ቪዛ ያለው በየ90 ቀኑ አድራሻውን ለኢሚግሬሽን ያስታውቃል። ሚስቱ ታይ ብትሆን፣ ቤቱን በገንዘቡ ቢሠራ፣ መሬቱን በስሙ መያዝ ሕጉ በአጠቃላይ አይፈቅድለትም። እንዲህ የሚኖር ሰው ቡና ሊጠጣ ተቀምጦ ከጎኑ «ፋራንግ» ሲባል ሲሰማ፣ ቃሉ የዚያን ሁሉ በር መዝጊያ ይመስለዋል።

የቃሉ ታሪክ ግን ለታይ ሰዎች ይመሰክርላቸዋል። «ፋራንግ» በራሱ ስድብ አይደለም። ስድብ ሲፈለግ ሌላ ቃል ይጨመርበታል፤ «ፋራንግ ኪ ኖክ»፣ የወፍ ኩስ ፋራንግ። ይህ በመጀመሪያ ወፎች ዘሩን በኩሳቸው የሚበትኑት የትንሿ ዘይቱን ስም ነው፤ በሰው ላይ ሲወድቅ የተጎሳቆለና ቆንቋና ምዕራባዊ ማለት ይሆናል። ስድብ ለመሆን ቅጽል ያስፈለገው ቃል ባዶውን ሲነገር ስድብ ነው ሊባል አይችልም። የእኛም «ፈረንጅ» እንዲሁ ነው፤ የሚያከብረውም የሚያዋርደውም የሚናገረው ሰው ድምፅ ነው።

ፋራንግነት የሚያበቃው ሰዎች ሌላ ስም ሲሰጡህ ነው። ብዙ ምዕራባውያን ታይ አግብተው በሚኖሩበት በሰሜን ምሥራቁ ኢሳን አዲስ የመጣው ባል «ከይ ፋራንግ»፣ ፈረንጁ አማች፣ ተብሎ ይጀምራል፤ በዚያ አገር አፍ «ር» ወደ «ል» ስለምትሄድ «ፋላንግ» ነው የሚሉት። ታይኛ ግን እንደ አማርኛ ሰውን ያለ ዝምድና ስም መጥራት አይወድም። ታላቁ «ፒ»፣ ታናሹ «ኖንግ»፣ በዕድሜ የገፋው «ሉንግ»፣ አጎት፣ ይባላል። ሰውዬው ጎረቤቱ ሲሞት ለቅሶ ከተቀመጠ፣ ቤተ መቅደስ ለበዓል ሲጠረግ መጥረጊያ ካነሳ፣ «ሩዝ በላህ ወይ?» ለሚለው ሰላምታ በራሳቸው ቋንቋ ከመለሰ፣ አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ አጥሩ ሥር ቆማ «ሉንግ!» ብላ ከነስሙ ትጠራዋለች። ለእኛ ይህ «ጋሼ» ማለት ነው። ሕጉ አልተለወጠም፣ መሬቱም የእሱ አልሆነም፤ ነገር ግን ከምድብ ወጥቶ ከዝምድና ገብቷል።

ስለዚህ በታይ ምድር ለሚኖረው ምዕራባዊ ያለኝ ፍርድ ይህ ነው፦ በቃሉ አትቆጣ፤ ከአንተ 1000 ዓመት ይበልጣል፣ ስለ አንተም ምንም አያውቅም። ቃሉን የሚያሸንፈው ክርክር ሳይሆን ጉርብትና ነው። ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። በሰፈርህ የሚኖር የውጭ አገር ሰው ካለ፣ ልጅህ «ፈረንጅ!» ብሎ ከኋላው እንዲጮህ አትተወው። ስሙን ይጠይቀው፣ ካወቀውም በኋላ በስሙ ይጥራው፤ በዕድሜ ከገፋም «ጋሼ» ይበለው።