ነቃፊ ቅስቀሳ

በምርጫ ሰሞን ሁለት ተወዳዳሪዎች ባሕር ዳር ላይ ድምፅ ማጉያ ይዘው ወጡ እንበል። አንደኛው «የእንቦጭ አረም ጣናን ሲወርር የተቀናቃኜ ፓርቲ ባለሥልጣናት ዓመታት ቆመው አዩ» ይላል። ሁለተኛው «የዚያ ሰውዬ ዘሩ ከየት እንደሆነ ጠይቁ» ይላል። ሁለቱም ስለ ራሳቸው አላወሩም፤ ያነሡት ተቀናቃኛቸውን ነው። በእኛ አገር ግን ሁለቱም ባንድ ስም ይጠራሉ፦ የማጥላላት ዘመቻ።

የፖለቲካ ሳይንስ ሰዎች የተቀናቃኝን ድክመት የሚያነሣን መልእክት ሁሉ፣ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ ጨዋም ይሁን ባለጌ፣ ባንድ ጥቅል ስም ይጠሩታል። ለዚህ ስም የሚሰጠው «አሉታዊ ቅስቀሳ» የሚለው ትርጉም አልተዋጠልኝም፤ አሉታዊ ሲባል የሚታየኝ የባትሪ ጫፍ ነው። «ማጥላላት» ደግሞ ከ«ጠላ» የወጣ ነው። ገና ሳይመረመር ፍርዱን ቃሉ ራሱ ጨርሶታል፤ ለዚህም ነው ሥልጣን ላይ ያለ ሰው የሚወደው። ስለዚህ ጥቅል ስሙ «ነቃፊ ቅስቀሳ» ቢሆን እላለሁ። ነቀፋ እውነትም ሐሰትም ሊሆን ይችላል። «ማጥላላት» ለክፉው ዓይነት ብቻ ይቆይ።

መራጩ ልዩነቱን አያጣውም። ኪም ፍሪድኪንና ፓትሪክ ኬኒ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች መልእክቱ እጩው ከሚመረጥበት ሥራ ጋር መገናኘቱንና በጨዋ አንደበት መቅረቡን ለያይተው አጥንተዋል፤ ሁለቱም በሰሚው ዘንድ ለውጥ ያመጣሉ። እነ ሪቻርድ ላው እ.ኤ.አ. በ2007 ከመቶ በላይ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ነቃፊ መልእክት ከሌላው ይበልጥ አእምሮ ውስጥ ቢቀርም ድምፅ ለማስገኘቱ ግን አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙም። እንዲያውም ነቃፊው ራሱ ይጠላበታል።

ወደ ጣና ዳር ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል የመሬት ድልድል ሲካሄድ በደርግ ዘመን ሥልጣን ነበረህ ተብሎ «ቢሮክራት» የተባለ ገበሬ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። መሬት የወሰደው አንድ ቃል ነበር። ያንን ያየ የጎጃም ሰው ስድብ ሲሰማ የሚሰማው ስድቡን ብቻ አይደለም፤ ነገ ምን ሊከተል እንደሚችልም ያሰላል።

በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. የያኔው ገዢ ፓርቲ የኢሕአዴግ መሪዎች ተቃዋሚዎችን ከሩዋንዳው ዘር ጨፍጫፊ ቡድን ከኢንተርሃምዌ ጋር ሲያመሳስሉ ያ ማጥላላት ነበር። በዚያው ሰሞን በቴሌቪዥን ክርክር ተቃዋሚዎች የመሬት ሥሪቱንና የአሰብን ጉዳይ አንሥተው ገዢውን ፓርቲ ሲሞግቱ ደግሞ ያ ነቃፊ ቅስቀሳ ነው። በግንቦት 7ቱ ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ወሰደ። ኢንተርሃምዌ የሚለው ቃል አስሸነፋቸው ማለት አይደለም፤ ግን አላዳናቸውም።

አንድ የሚያስቸግር ዓይነት ይቀራል። «እጩው ኑሮው አዲስ አበባ ነው፤ ጣናን የሚያውቀው በአውሮፕላን መስኮት ነው» ቢባል ከየትኛው ይመደባል? እኔ ነቃፊ ብዬ እመዘግበዋለሁ። «የእኛ ሰው አይደለም» ወደሚል በተሻገረ ዕለት ግን ከዚያ መዝገብ እሰርዘዋለሁ።