የሐረሩን ቤት ማን ነደፈው?

ድሬዳዋ የተወለደችው በዳገት ምክንያት ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ባቡር ግን እንደ በቅሎ ዳገት አይወጣም። ወጪው ሲሰላ ሐረርን ትቶ በተራራው ግርጌ ማለፍ ተመረጠ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም ሐዲዱ ደቻቱ ዳር ሲደርስ ከተማይቱ ተቆረቆረች፤ የወጣላትም ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። (አቦ፣ እንኳንም ሳይጸና ቀረ!)

ኢልግ ራሱ በ1908 ዓ.ም አገሩ ስዊዘርላንድ ሞተ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ስለሆነ ፍጻሜውን አላየም። ቢሆንም ስሙን የማያነሣ የባቡር ታሪክ የለም። ከዚራም የማን ልጅ እንደሆነች ይታወቃል፦ የባቡር ኩባንያው ልጅ። በማስመሪያ የተሰመሩ መንገዶች፣ በሰልፍ የቆሙ ዛፎች፣ ሰፊ በረንዳ ያላቸው ቤቶች። ሽቅብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥታችሁ ሐረር ስትገቡ ግን «ይሄን ማን ነደፈው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ የለም።

እኔና እጮኛዬ ባለፈው ወር የወጣነው ይህንኑ ለመጠየቅ ነው። ሳቢያን ቤተሰቡ በሰጡት ቦታ ላይ ቤት ልንሠራ ነው፤ ድራፍትስማኑ ያመጣልን ፕላን ላይ ደግሞ ሳሎኑ ሙሉ በሙሉ መስታወት ነው። ድሬዳዋ ላይ! በግንቦት! እሱ «ዘመናዊ ነው» አለ፤ እኔ «ምጣድ ነው» አልኩ። በጭቅጭቁ መሐል ነው የደንገጎን ዳገት የወጣነው። በ1990ዎቹ ደርቆ የነበረውና ውሃው የተመለሰው የሐረማያ ሐይቅ ጋ ስንደርስ ዝም አልን፤ አወዳይ ላይ ጫት ገዛ፤ ከዚያ በኋላ ዝምታው የኔ ብቻ ሆነ።

ጎብኚ ሁሉ የሚሮጠው ወደ ራምቦ ቤት ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው፤ ቤቱን ከሱ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ እንዳሠራው ይነገራል። እኔን የበለጠ የሳበኝ ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም የሆነው ነው። ደጃዝማች ተፈሪ በ1903 ዓ.ም ወይዘሮ መነንን ሲያገቡ የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት ነው ይባላል። በሁለቱም ቤት ስለነደፈው ሰው የሚያወራ የለም፤ የሚወራው ስላደረው ሰው ነው።

እውነተኛው ትምህርት ያለው ግን ጁገል ውስጥ፣ «ጌ ጋር» በሚሉት የሐረሪ ቤት ነው። ጁገልን አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠራው ታሪክ ያውቃል፤ ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ውስጥ ያሉትን ቤቶች ግን የሠሯቸው ስማቸው ያልተጻፈ ግንበኞች ናቸው። ወደ መንገዱ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ብቻ፤ ቤቱ የሚከፈተው ወደ ግቢው ነው። ገና ስንገባ ብርዱ ፊታችንን ዳሰሰን። ሳሎኑ ውስጥ «ነደባ» የሚባሉ በቀይ አፈር የተለቀለቁ አምስት መደቦች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በማዕረግ የተወሰነ ነው፣ የአባወራውም ለብቻው። ቀይ ቀለሙ በ1879 ዓ.ም ጨለንቆ ላይ የፈሰሰው ደም ማስታወሻ ነው የሚሉ አሉ። ልብ በሉ፦ ያ ጦርነት ሐረርን ለምኒልክ ያስገበረ ነው፤ ባቡሩን የፈቀዱትም እኚሁ ምኒልክ ናቸው። ድሬዳዋ ተወልደን ያደግን ሰዎች ይሄን አያይዘን አስበነው አናውቅም።

የቤቱ እመቤት በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች ካሳዩን በኋላ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ወሰዱን። «ኪርታት» ትባላለች። ሙሽሮች በሠርጋቸው ሰሞን የሚቆዩባት ናት፤ ምግብ በትንሽ መስኮት ይቀበላሉ። እጮኛዬን አየት አደረጉና «ልጄ፣ አንተ ይሄን ትችላለህ?» አሉት። እሱ «መስኮቷ ትንሽ ሰፋ ብትል...» ብሎ ጀመረ።

ስንመለስ ደንገጎን እየወረድን «ስሙ የማይታወቅ ሰው እንዴት እንዲህ አርጎ ይሠራል?» አለኝ። እኔም የከዚራ ቤቶችም ፀሐይን በበረንዳ እንደሚመክቱ፣ ሁለቱም ሠሪዎች ስለ ሙቀት ከኛ ድራፍትስማን በላይ እንዳሰቡ ነገርኩት። የጥንቱ ባቡር ጣቢያ አሁን ጸጥ ብሏል፤ አዲሱ ከከተማው ወጣ ብሏል። ከነዚያ በረንዳ ቤቶችም አንዳንዱ ቀለሙ ተልጧል፣ የፈረሰም አለ።

ፕላኑን እንደገና ይዘናል። መስታወቱ በግማሽ ተቀንሶ በረንዳ ገብቷል። ግቢው መሐል ይሁን ፊት ለፊት በሚለው ግን አልተስማማንም። ድራፍትስማኑ ደግሞ ለማስተካከያው ተጨማሪ ብር ጠይቋል።