የጣና ሐይቅ ዳርቻ ወፎች፦ ለነዋሪዎችና ለጎብኚዎች የቀረበ መረጃ

ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች በስፋቱ ቀዳሚው ሲሆን፣ አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ወፎቹና ወቅቱ
ክሬን የተባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ከጥቅምት ወር ጀምሮ ከአውሮፓ መጥተው በጣና ዙሪያ ይከርማሉ። ቀን አዝመራው ከተሰበሰበበት ማሳ የወደቀ እህል ይለቅማሉ፤ ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ባለ አክሊሉ ጥቁር ክሬን ግን ነዋሪ ወፍ ነው፤ ጎጆውን የሚሠራውም በረግረግ ሣር መካከል ነው።

ስጋቱ
ረግረጉ ሲታረስ፣ ደንገሉ ሲመነጠር፣ እምቦጭም ሲስፋፋ ወፎቹ ማደሪያና መራቢያ ያጣሉ። ታንኳ ሠሪውና ዓሣ አስጋሪውም አብረው ይጎዳሉ።

ለጎብኚዎች
ከፋሲሎና ከሌሎች የባሕር ዳር ክፍለ ከተሞች ለሚነሡ ጎብኚዎች ማለዳ ተመራጭ ሰዓት ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስለሚኖር ያለ አስጎብኚ ወደ ውኃው መቅረብ አይገባም።

ከኅብረተሰቡ የሚጠበቅ
• ጎጆ አለማፍረስ፣ እንቁላል አለመውሰድ፤
• ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ መሆኑን ማወቅ፤
• የታመመ ወይም የሞተ ወፍ ሲገኝ በእጅ ሳይነኩ በአቅራቢያው ለሚገኝ የግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ።