የአንጀት መቆጣት በሽታ ምክንያት ፍለጋ ታሪክ

በዚህ አጭር ሐተታ ልንመረምረው ያሰብነው፣ ሊቃውንት ሥር የሰደደውን የአንጀት መቆጣት በሽታ ምክንያት ሲፈልጉ የሄዱበትን መንገድ ነው። በሽታው ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው የትልቁን አንጀት ውስጠኛ ሽፋን የሚያቆስለው አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ነው፤ ሁለተኛው ከአፍ ጀምሮ ማናቸውንም የምግብ መተላለፊያ ክፍል ሊይዝ የሚችለው ክሮንስ ነው። ሁለቱም ሕመምተኛውን በተቅማጥና በሆድ ቁርጠት እያሠቃዩ ለብዙ ዘመን ይመላለሱበታል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከታሪኩ ምዕራፎች አንዱ የተከፈተው በፍርድ ቤት ነው። በ1859 በእንግሊዝ አገር ኢዛቤላ ባንክስ የተባለች ሴት በትውከትና በተቅማጥ ስትሠቃይ ቆይታ ሞተች። አብሯት ይኖር የነበረው ሐኪም ቶማስ ስሜትኸርስት መርዝ አብልቷታል ተብሎ ተከሰሰ። ሌላ ሚስት እያለችው ያገባት ከመሆኑም በላይ፣ ሟቿ ሀብቷን ለእሱ ተናዝዛለት ነበርና ጥርጣሬው በረታ። ስመ ጥሩው የመርዝ ዐዋቂ አልፍሬድ ስዌይን ቴይለር በአንድ ጠርሙስ ውስጥ አርሰኒክ አገኘሁ ብሎ ነበር፤ ኋላ ግን አርሰኒኩ የመጣው እሱ ራሱ ለምርመራ ከተጠቀመበት መዳብ መሆኑን በችሎት አመነ። እንዲህም ሆኖ በስሜትኸርስት ላይ የሞት ፍርድ ተፈረደ። የሎንዶኑ ሐኪም ሳሙኤል ዊልክስ በበኩሉ የሟቿን አንጀት መርምሮ፣ በብርቱ የተቆጣና የቆሰለ መሆኑን በዚያው ዓመት ጽፎ አወጣ። ማስረጃው እንደ ገና ከታየ በኋላ ተከሳሹ ምሕረት ተደረገለት፤ በሁለት ሚስት ጥፋት ግን ታሰረ። እንግዲህ ያልታወቀ በሽታ አንድን ሰው እስከ ስቅላት ደጃፍ ሊያደርሰው እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ከዚያም ወዲህ ተጠርጣሪው ይለዋወጥ ጀመር። በ1913 የግላስጎው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኬነዲ ዳልዚል፣ የሕመምተኞቹን አንጀት ከታመሙ ከብቶች አንጀት ጋር አነጻጽሮ፣ ከቲቢ ተሕዋስ ጋር የሚዛመድ ባክቴሪያ ጠረጠረ፤ ተሕዋሱን ግን በሰዎቹ አንጀት ውስጥ ሊያገኘው አልቻለም። በ1932 በኒውዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ክሮን፣ ጊንዝበርግና ኦፐንሃይመር የ14 ሕመምተኞችን ታሪክ አሳትመው፣ በሽታው ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑን አስረዱ። በፊደል ተራ የክሮን ስም ቀዳሚ ስለ ነበረ በሽታው በእሱ ተጠራ።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ሕመምተኛው ራሱ ነበር። ሴሲል መሪ በ1930 የአልሰራቲቭ ኮላይቲስን መነሻ ከአእምሮ ጭንቀት ጋር አያይዞ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ሕመምተኛውን ራሱን ያልቻለና መንፈሰ ደካማ አድርገው የሣሉ ሐኪሞች ተነሡ። በሥቃዩ ላይ ወቀሳ ተጨመረበት ማለት ነው። በ1990 የወጣ አንድ ግምገማ ግን የእነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ በአሠራራቸው የጎደሉ መሆናቸውን አሳየ።

እውነተኛ እርምጃ የተገኘው ከመክሰስ ይልቅ መቁጠርና ማነጻጸር በተጀመረ ጊዜ ነው። በ1982 በካርዲፍ ከተማ በተደረገ ጥናት፣ ከአልሰራቲቭ ኮላይቲስ ሕመምተኞች መካከል አጫሾቹ 8 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከክሮንስ ሕመምተኞች 42 በመቶ፣ ለማነጻጸሪያ ከተመረጡት 44 በመቶ አጫሾች ነበሩ። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ትምባሆ ለክሮንስ እንደሚያጋልጥና በሽታውንም እንደሚያብስ ገለጡ። ይህ ማለት ትምባሆ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ በሳምባና በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የታወቀ ነው።

በ1988 በስዊድን ከተመረመሩ፣ ክሮንስ ከታየባቸው 18 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች ውስጥ ሁለቱም የታመሙት በ8ቱ ብቻ ነበር። በ2001 ኖድ 2 የተባለው ዘረ መል ከክሮንስ ጋር ዝምድና እንዳለው ታወቀ። ስለዚህ ዘር ድርሻ አለው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ለዚህም የእኛው ወገኖች ምስክር ናቸው፤ ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ በሽታው የሚታይባቸው እዚያ ለዓመታት ከኖሩ በኋላ መሆኑን አሳይተዋል። ዘራቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አኗኗራቸው ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን ሐኪሞችም ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። የአንጀት ቲቢና ክሮንስ እጅግ ይመሳሰላሉ። ቲቢውን ክሮንስ ነው ብሎ የሰውነትን መከላከያ የሚያደክም መድኃኒት መስጠት ሕመምተኛውን ሊገድለው ይችላል፤ ክሮንሱን ቲቢ ነው ማለትም ተገቢውን ሕክምና ያዘገያል።

እስከ ዛሬ አንድ ብቸኛ ምክንያት አልተገኘም። የዘር፣ የአንጀት ተሕዋስያን፣ የአኗኗርና የሰውነት መከላከያ ድርሻ ተደባልቆ ይሠራል። «ያጋልጣል» ማለትና «አመጣው» ማለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በ1859 የአንድ ሰው ሕይወት ያህል ነበር። ታሪክ የምናጠና ተማሪዎችም ስለ ምክንያት በጻፍን ቁጥር ይህን ርቀት ልናስብ ይገባናል።