ኮጃ ሙራድ፦ የጎንደርን ንጉሥ ስም ይዞ እስያ የነገደው ሰው



ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥተው የታወቀ የውጭ ምግብ ቤት ስም ጎንደር ላይ ሊከፍቱ ያስባሉ። "መምህር፣ ይሄ ፍራንቻይዝ የሚሉት ነገር ለእኛ አዲስ ነው፤ ታሪክ ውስጥ የለም አይደል?" አለኝ። ሳቄ መጣና "አለ እንጂ፣ ያውም እዚሁ ጎንደር!" አልኩት። እጽፍልሃለሁ ብዬው ነበርና ይኸው። ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርት ቤት ስንማር "ዐፄ ፋሲል ዬሱሳውያንን አባረሩ፣ ሀገሪቱም በሯን ዘጋች" ተብለን ነው ያደግነው። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያው ብዬ አስተምሬያለሁ፤ ይቅር በሉኝ። ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። ፋሲል በ1632 ሲነግሡ ሀገሩ በሃይማኖት ጦርነት ደክሞ ነበር። ዬሱሳውያኑን አስወጡ፤ ምጽዋንና ሱዋኪንን ከያዙት የቱርክ ፓሻዎች ጋርም የፈረንጅ ቄስ እንዳያሳልፉ ተስማሙ። ግን የተዘጋው በር አንዱ ነው። ሌላው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፋሲል ወደ የመን ኢማም መልእክት ላኩ፤ በ1648 ሐሰን አልሐይሚ የሚባል የየመን መልእክተኛ ጎንደር ድረስ መጣ፣ ያየውንም ጽፎ ተወልን። ፊታቸውን ከሊዝበን ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ህንድ ውቅያኖስ አዞሩ ማለት ነው።

ታዲያ እዚያ ገበያ ማን ይሂድ? ወደቡ በቱርክ እጅ ነው፤ መርከብ የለንም። እዚህ ላይ ነው ኮጃ ሙራድ የሚመጣው።

ሙራድ ከሀለብ የመጣ አርመናዊ ነጋዴ ነው። አርመኖች በእምነት ለእኛ ቅርብ ናቸው፤ በቱርክ ግዛትም እንደ ልብ ይዘዋወራሉ። ሙራድ ዐፄ ፋሲልን፣ ልጃቸውን ዐፄ ዮሐንስን፣ የልጅ ልጃቸውን አድያም ሰገድ ኢያሱን አገልግሏል። ሦስት ነገሥታት! ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ በርኒየ እንደጻፈው ሙራድ የንጉሡን ዕቃ ይዞ ሞካ ወደብ እየወረደ ይሸጥ ነበር፤ ለእንግሊዝና ለደች ኩባንያ ሰዎች የንጉሡን ስጦታ ያደርሳል፣ የእነሱንም አጸፋ ወደ ጎንደር ያመጣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በእጁ ያለው ትልቁ ሀብት ዕቃው አይደለም፣ የንጉሡ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው። በሌላ ሰው ስም መነገድ ማለት ይኼ ነው።

በ1664 ግድም የሆነው ደግሞ ልብ ወለድ ይመስላል። ፋሲል ሙራድንና አንድ ሙስሊም ነጋዴን ወደ ህንዱ ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ ላኳቸው። የያዙት ስጦታ 25 ባሮች፣ 15 ፈረሶች፣ አንድ የሜዳ አህያ፣ ሁለት ትልልቅ የዝሆን ጥርሶች፣ ዝባድ የተሞላ የበሬ ቀንድ ነበር። ከጎንደር ተነስቶ የቀይ ባሕር ዳርቻ መድረስ በራሱ ምን ያህል እንደሆነ የእኛ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ባሕር አለ። ከባሮቹም ከፈረሶቹም መንገድ ላይ ያለቁ አሉ። የህንዱ ወደብ ሱራት ሲደርሱ ደግሞ የማራታው መሪ ሺቫጂ በጥር 1664 ከተማዋን ዘረፈ፤ ያረፉበት ቤት ሳይቀር ተቃጠለ። ከዚያ ሁሉ ጭነት ዴልሂ የደረሰው ደብዳቤው፣ ጥቂት ባሮች፣ የሜዳ አህያዋ ቆዳና ዝባዱ የተገለበጠበት ባዶ ቀንድ ነው።

በርኒየ በዚያን ጊዜ ዴልሂ ነበር። መልእክተኞቹን ያየው በንቀት ነው፤ ድህነታቸውን፣ የተራቆቱ አጃቢዎቻቸውን እያነሳ ያሾፋል። አውራንግዜብ ግን ተቀበላቸው፤ የክብር ልብስ አለበሳቸው፤ ገንዘብም ሰጣቸው። ለምን? ከደብዳቤው ጀርባ መንግሥት አለ። ቀንዱ ባዶ ቢሆንም ስሙ ባዶ አልነበረም።

ሙራድ በዚህ አላቆመም። ባታቪያ ድረስ፣ የዛሬዋ ጃካርታ ማለት ነው፣ ደጋግሞ ሄዷል። ባታቪያ በ1602 የተመሠረተው የደች ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የእስያ ዋና ከተማ ናት። ኩባንያው ራሱ ከመንግሥቱ በተሰጠው ብቸኛ የንግድ ፈቃድ የሚንቀሳቀስ ነበር። በ1670ዎቹ ከኢትዮጵያ ንጉሥ የተላከ የሜዳ አህያ ባታቪያ ደርሶ፣ ደቾቹ ደግሞ በስጦታ ወደ ጃፓን ሾጉን አሳልፈውታል። ከእኛ ቆላ የተነሳ እንስሳ ጃፓን!

እስካሁን ያለው ደስ የሚል ታሪክ ነው። አሁን ወደሚያመው እንምጣ።

አንደኛ፣ ይዘን የሄድነው ምን ነበር? የሰው ልጅ፣ ጥርስ፣ ዝባድ። ተሠርቶ ዋጋ የጨመረ ነገር የለበትም። ከእነዚያ 25 ሰዎች መካከል ሕፃናት ነበሩ። ስማቸውን የጻፈልን የለም፤ የሙራድ ስም ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ። የአያቶቻችንን ዲፕሎማሲ ስናወድስ ይህን ዘልለን ማለፍ የለብንም።

ሁለተኛ፣ ዕውቀቱ የማን ነበር? ቋንቋውን፣ ወደቡን፣ ዋጋውን፣ ደንበኛውን የሚያውቀው ሙራድ ነው። ቤተ መንግሥቱ ሙራድን አወቀ እንጂ ገበያውን አላወቀም። አዲስ ዓለም ብርቱ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ፤ በየብስ ንግዱ ማን ይደርስባቸዋል? ከምጽዋ ወዲያ ያለው ባሕር ግን በሰው እጅ ቀረ። በ1699 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ጎንደር መጥቶ ዐፄ ኢያሱን አከመ፤ ሲመለስ የሙራድ የወንድም ወይ የእህት ልጅ የሆነ ሌላ ሙራድ ወደ ፈረንሳዩ ንጉሥ መልእክተኛ ሆኖ ተላከ። ካይሮ ላይ የፈረንሳይ ቆንስል "እውነት የንጉሥ መልእክተኛ ነህ?" ብሎ ተጠራጠረው። ፖንሴ ፓሪስ ገባ፣ ሙራድ ሳይሻገር ቀረ። ያ ዴልሂ ላይ በር የከፈተ ስም ካይሮ ላይ አልሠራም። ስም የሚጠብቀው ካጣ እንዲህ ነው።

እንግዲህ ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል፤ የእኛን ስም ይዘን አንሄድም፣ የእነሱ ስም ወደ እኛ ይመጣል። ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ላይ መታሸግ የጀመረው በ1959 ነው፤ ሒልተን የተከፈተው በ1969፤ ፒዛ ሀት በ2018። እዚሁ ጎንደር ሲታሸግ የኖረው ፔፕሲም የሰው ስም ነው፤ ጠርሙሱን ሲሞላ የኖረው ግን የእኛ ልጅ ነው። በ2024 ደግሞ መንግሥት ለሀገር ልጅ ብቻ ተከልለው የነበሩትን የአስመጪነት፣ የላኪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ከፈተ። በዚያው ዓመት ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገ። ስለዚህ ጥያቄው ተማሪዬ ከሚያስበው በላይ ቅርብ ነው፤ ነገ ባለስሙ ራሱ ሊመጣ ይችላል።

ልጄ፣ ተው አልልህም። ግን ከመፈረምህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። የስሙን ክፍያ በዶላር እየከፈልክ በብር ስትሸጥ ምንዛሪው ሲዘል ማን ይሸከመዋል? ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ ድንቹን ከወገራና ከደምቢያ ገበሬ መግዛት ይፈቀድልሃል ወይስ ሁሉም በኮንቴይነር ይመጣል? መንገድ ሲዘጋ ኮንቴይነሩ የት እንደሚቆም አንተው ታውቃለህ። ሦስተኛው ዋናው ነው፦ ከአሥር ዓመት በኋላ ውሉ ሲያልቅ ስሙን ይዘው ሲሄዱ፣ አንተና ልጆችህ እጅ ላይ የሚቀረው ምንድን ነው? ሙያው ከቀረ አትርፈሃል። ባዶው ቀንድ ብቻ ከቀረ ግን፣ ያንን ከጎንደር እስከ ዴልሂ አንዴ ተሸክመነዋል፤ ይበቃናል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ንግድ ላይ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ የምታውቁትን ጻፉልኝ፤ ከእናንተ መማር እፈልጋለሁ።

ሰላም ለከተማችን፣ ሰላም ለሀገራችን።