የሆድ እምቢታ

እትዬ ከሜሪላንድ የደወሉልኝ ጨጓራ የማሳነሻ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ሐኪም ቤት የሰጣቸው ወረቀት ላይ አንድ ቃል አልገባ ብሏቸው ፊደል በፊደል አነበቡልኝ፤ «ፉድ አቨርዥን»። እኔም ቶሎ ብዬ «ምግብ መጥላት ማለት ነው» አልኳቸው።

ስልኩ ጸጥ አለ።

«እኔ ነኝ ምግብ የጠላሁ? ምግብ ብጠላማ ኖሮ ሆዴን መች አስቀድድ ነበር! ይልቅ እንቁላሉን ጠይቀው፤ እሱ ነው እኔን የጠላኝ።»

ስቄ ዘጋሁት። ማታ ላይ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ስህተቴ ግሡ ላይ አልነበረም፤ ባለቤቱ ላይ ነበር።

አማርኛ ሰውነት ላይ ለሚደርስ ነገር የራሱ ሰዋስው አለው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ እንላለን። በእነዚህ ሁሉ ሰውየው አድራጊ አይደለም፤ ነገሩ የሚደርስበት ነው። «ጠላሁ» ሲል ግን ራሱ አድራጊ ይሆናል፤ መርጦ፣ ፈርዶ የተወ ይመስላል። እትዬ የተቆጡት ለዚህ ነው። ጨጓራቸው በራሱ ጊዜ ያደረገውን እኔ በእሳቸው ላይ ለጠፍኩት።

ታዲያ ምን እንበለው? በእጃችን ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ አየኋቸው። «ምግብ ዘጋው» ጥሩ ቃል ነው፤ ትኩሳት ሲይዘን፣ ሐዘን ሲገባን የምንለው። ግን የሚዘጋው ሁሉም ምግብ ነው፤ የፍላጎት መጥፋት ነው። ፉድ አቨርዥን ያለበት ሰው ግን ርቦት ቁጭ ብሎም አንዱን ምግብ ለይቶ አይቀበል ይሆናል። «አልተስማማውም» ደግሞ ከተበላ በኋላ ያለው ነው፤ ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋ ሰው ወተት አልተስማማውም። እዚህ ግን ነገሩ የሚጀምረው ገና ሽታው ሲመጣ፣ አንዳንዴም ገና ስሙ ሲነሳ ነው። «አንገሸገሸው» ብዙ ጊዜ ከመብዛት፣ ከመሰልቸት የሚመጣ ነው።

በስሜት በጣም የሚቀርበው «ተጠየፈ» ነበር። ፊት ማዞሩ፣ ጉሮሮ ላይ የሚመጣው ነገር ሁሉ አለበት። ግን ተጠያፊ የምንለው የሰው እጅ የሚንቀውን ነው። «ምግብሽን ተጠየፈችው» ብለህ ለምራት ንገራት፤ የዓመት ኩርፊያ ገዝተሃል።

ስለዚህ እትዬ ራሳቸው ሳያውቁት ከሰጡኝ ዓረፍተ ነገር ተነሣሁ። በሌላ ቀን ስለ ዶሮ ሲያወሩኝ «ሆዴ እምቢ አለኝ» ብለው ነበር። ባለቤቱ ሆድ ነው፤ «ኝ»ዋም በቦታዋ አለች። የምግብ እምቢታ እንዳልል አድማ መታ ይመስላል፤ ለእሱ ደግሞ የረሃብ አድማ የሚባል ስም አለን። የሆድ እምቢታ ልበለው። ሆድ በአማርኛ የምግብ ከረጢት ብቻ አለመሆኑም ይረዳኛል። የሚባባ፣ የሚብሰው፣ ባር ባር የሚለው እሱ ነው፤ የበደለው ሰው ላይም ይሻክራል። እንደምናየው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ሳይንሱም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ በየአገሩ ላሉት ወገኖቻችን በየስሙ ነው የሚታወቀው። አሜሪካ ያለው «ስሊቭ ተሠራሁ» ይላል። እስራኤል ያለው ከዕብራይስጡ ሻርቩል ይለዋል፤ ገልፍ ያለችው ከዐረብኛው ተክሚም። ሦስቱም የመጡት ከልብስ እጅጌ ነው። ሐኪሙ ከጨጓራው 80 በመቶ ገደማውን ቆርጦ ያወጣና እንደ እጅጌ የጠበበ ቱቦ ይተዋል። እስራኤልና ኩዌት በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ይህ ዓይነት ሕክምና በብዛት ከሚደረግባቸው አገሮች መካከል ናቸው፤ ስለዚህ ቃሉ አሜሪካ ያለ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባይፓስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ከላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ፣ ከአንድ የቡና ስኒ የምታንስ ኪስ ትቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኛታል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓናውያኑ ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ ግሬሊን የተባለውን የረሃብ ሆርሞን ለዓለም አሳወቁ። ይህ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራ የላይኛው ጉልላት ነው፤ በስሊቭ ተቆርጦ የሚወጣው ደግሞ ያው ክፍል ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ወራት ረሃብ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ይህ ግን «ዘጋኝ» የምንለው ነው፤ እምቢታው ከዚህ ይለያል። ጣዕምና ሽታም ይለወጣሉ፤ ጣፋጩ ከልክ በላይ ይጣፍጣል፣ ሥጋው ብረት ብረት ይላል፣ ጓዳ ውስጥ ያለ ቁሌት መኝታ ቤት ድረስ ገብቶ ሰውን ያስነሳል።

እምቢታን ለመረዳት ወደ አይጦች መሄድ ያስፈልጋል። ጆን ጋርሲያ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት፣ አይጦች በሳካሪን የጣፈጠ ውኃ በሚጠጡበት ሰዓት የሚያሳምም ጨረር እንዲያገኛቸው ተደረገ። ከዚያ ወዲያ ጣፋጩን ውኃ ሸሹት። የታመሙት ከጨረሩ ነው፤ የወነጀሉት ግን ጣዕሙን ነው። ኋላ የመጡ ሙከራዎች ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደርስባቸውም፣ ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ ቢመጣም ትምህርቱ እንደሚጸና አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1978 አይሊን በርንስታይን ይህንኑ በሰው ላይ አሳየች፤ የካንሰር መድኃኒት ከመውሰዳቸው በፊት ያልለመዱት ጣዕም ያለው አይስክሬም የበሉ ልጆች፣ በኋላ ያንኑ አይስክሬም እምቢ አሉ።

ሆድ ቂም ይይዛል ማለት ነው፤ የሚይዘውም አጠገቡ ባገኘው ላይ ነው።

የእትዬን እንቁላል ታሪክ ስጠይቃቸው ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ለስላሳ ምግብ በተፈቀደላቸው በመጀመሪያው ቀን እንቁላል ፍርፍር ሠሩ። ሥራ እየረፈደባቸው ስለነበር ቆመው፣ ሦስት ማንኪያ በችኮላ። ደረታቸው መሐል ድንጋይ የተቀመጠ መሰላቸው፤ ከዚያ እንደ ሳሙና አረፋ ያለ ምራቅ ግጥም ብሎ መጣ። መታጠቢያ ቤት ሃያ ደቂቃ። እንቁላሉ ምንም አልበደለም፤ የበደለው ችኮላው ነው። ሆዳቸው ግን ሰዓት አያይም፣ ያየው እንቁላሉን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤት እንቁላል ሲጠብስ መስኮት ይዘጋሉ።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል፤ የሚወዱትን ምግብ በሚያቅለሸልሽዎ ቀን አይሞክሩት። ለዚያ ቀን ቢጠፋ የማይቆጭ ነገር ይብሉ።

የሚያሳዝነው፣ ሆድ እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገውን ነው። ሥጋ፣ ዶሮ፣ እንቁላል። ብስኩት ግን ሰተት ብሎ ይገባል፤ አይስክሬምም እንዲሁ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ነው፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ። በቡና ስኒ ለሚበላ ሰው ሒሳቡ ከባድ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት የፕሮቲን ዱቄት በጥብጦ መጠጣት የተለመደ ነው። ፕሮቲኑ ሲጎድል ከስቡ ጋር ጡንቻም ይሄዳል። በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል ፀጉር መርገፉ ግን ብዙዎችን የሚያገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚመለስ ነው፤ እትዬ ግን ማበጠሪያቸውን እያዩ አልቅሰዋል።

የኛ ጓዳ ለዚህ ባዳ አይደለም። ዓይብ ለስላሳ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ቀዝቃዛ ይበላል፤ እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማስቀምጠው እሱን ነው። እርጎም አለ። ምስር ክክ በደንብ ፈርሶ፣ ቅመሙ ቀንሶ። ቀጭን ሽሮ በማንኪያ ይሄዳል፤ ሆኖም ሽሮ ብቻውን ያን ሁሉ ግራም ይሞላል ብሎ መታለል አይገባም። ሥጋ የግድ ከሆነ ከጥብስ ይልቅ እንደ ክትፎ የደቀቀው ይቀላል፤ ግን የበሰለ፣ ቅቤውም የቀነሰ። እንጀራ ትንሽ ይቆይ። ወጡን መጥጦ ያብጥና ያቺን ጠባብ ቱቦ ይሞላታል፤ ፕሮቲኑ የሚገባበት ቦታ አይቀርም። ሽታ የሚያስቸግረው ሰው ምግቡን አቀዝቅዞ ይብላ፣ መጠጡን ክዳን ባለው ኩባያ ይጠጣ፤ ቁሌት የሚቁላላው ሌላ ሰው ይሁን፣ እሱም በር ዘግቶ።

ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ሌላው የኛ ጉዳይ ቡና ነው። ቡናና ሻይ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ፤ የብረት ኪኒን ከአቦሉ ጋር የሚውጥ ሰው ገንዘቡን ነው የሚውጠው። ብረትና ካልሲየምም ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይለያዩ። ቢ12፣ ቫይታሚን ዲና የቀሩት ኪኒኖች ደግሞ ዕድሜ ልክ ናቸው፤ እምቢታው ካለፈ በኋላም አይተዉም። ለጿሚ ነገሩ ይከብዳል። የእንስሳት ተዋጽኦ የማይበላባቸው ቀናት ከዓመቱ ግማሽ ይበልጣሉ፤ በረመዳን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጉንጭ ውኃ የለም። ከንስሐ አባት ወይም ከሼኹ ጋር የሚደረገው ንግግር ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢሆን ይሻላል።

ከሁሉ የሚከፋው ጉርሻ ነው። አንድ ደህና ጉርሻ ያቺን ሆድ አፍ እስከ ገደፏ ሊሞላት ይችላል። አጉራሹ ግን «በሞቴ» ብሎ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ እምቢ ማለት እሱን እምቢ ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ቃሉ ሥራ የሚሠራው። «ሆዴ እምቢ ብሎኝ ነው» ሲባል ሁለቱም ነጻ ይወጣሉ። ያጎረሰው አልተናቀም፣ ያልጎረሰችውም አልኮራችም። ጥፋቱ የሌለ ሦስተኛ ሰው ላይ ይላከካል።

ቃሉን ያመጣሁት ሁሉን ነገር እንዲሸፍን ግን አይደለም። ሁሉም ምግብ፣ ውኃም ጭምር የማይወርድ ከሆነ የሆድ እምቢታ ብሎ መተው አይገባም፤ ጠባሳ መተላለፊያውን አጥብቦት ይሆናል። በየቀኑ የሚያስመልሰው ሰው ላይ ደግሞ የሚያስፈራው ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ቢ1 ነው። ሰውነት የሚያኖረው ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ሲያልቅ ዓይን ሁለት ሁለት ያያል፣ እርምጃ ይንገዳገዳል፣ ሐሳብ ይምታታል፤ ካልተደረሰለት በአእምሮ ላይ የማይሽር ጉዳት ይተዋል። ወደ ድንገተኛ ክፍል የሄደ ሰው ቀዶ ሕክምናው እንደተደረገለትና ስንት ቀን እንዳስመለሰው በመጀመሪያ ይናገር። ታያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ መንጠልጠሉ ነገሩን ያባብሰዋልና። «ወጌሻ ይሽልኝ፣ ሆዴ ወርዶ ነው» የሚባልበት ቀን አይደለም።

ተራው እምቢታ ግን በጊዜ ይላላል። የሚመከረው መታገል ሳይሆን ምግቡን ለጥቂት ሳምንት ትቶ፣ በሌላ አሠራር፣ በትንሹ መመለስ ነው። የጠበሱት እምቢ ካለ የተቀቀለ፤ ትኩሱ እምቢ ካለ የቀዘቀዘ።

እትዬ በቀጣዩ ቀጠሮ በስልክ አስተርጓሚ በኩል «ሆዴ እምቢ አለኝ» ብለው ነበር። አስተርጓሚው «መብላት አልፈልግም ትላለች» ብሎ አደረሰው፤ ሐኪሟም የሥነ ልቦና ባለሙያ ቀጠሮ ያዘችላቸው። የልጃቸው ልጅ አጠገባቸው ባትኖር ኖሮ እንደዚያው ይቀር ነበር።

በአምስተኛው ወር ደወሉ። ለፋሲካ ከተሠራው ዶሮ ወጥ አንድ እንቁላል አንሥተው፣ ወጡን ጠርገው፣ በሹካ ጫፍ ቀምሰዋል።

«እንዴት ሆነ?» አልኳቸው።

«አስኳሉን ተቀበለኝ» አሉ። «ነጩ ገና ነው፤ እያኮረፈኝ ነው።»