ሽልማቱ የሚጀምረው ከየት ነው?

በየዓመቱ የመስከረም ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከስዊድን ዋና ከተማ ከስቶክሆልም አንድ ዜና ይሰማል። በሕክምና፣ በፊዚክስና በኬሚስትሪ የዓመቱ የኖቤል ተሸላሚዎች እነማን እንደሆኑ ይነገራል። ዜናው በየቤታችን ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ወሬ ያስነሣል። አንዱ፣ «እኛ እኮ እነ ኢብን ሲናን፣ እነ ኢብን አል-ሀይሠምን ያፈራን ነን» ብሎ በድሮው ይጽናናል። ሌላው ደግሞ፣ «ይህ የነሱ ሽልማት ነው፤ ለእኛ ልጆች የተከፈተ በር የለም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

አባትና አጎት እንዲህ ሲጫወቱ አጠገባቸው የተቀመጠ ልጅ ይሰማል። ከመጀመሪያው ወሬ የሚማረው ሥራው ድሮ ተሠርቶ ማለቁን ነው። ከሁለተኛው የሚማረው ቢሠራም ድካሙ ከንቱ መሆኑን ነው። ሁለቱም ወሬዎች ልጁን ከደብተሩ ያርቁታል። ስለዚህ እስቲ ዛሬ ወሬውን ወደ ጎን ትተን ታሪኩን እንመልከት።

ሁለት ሽልማቶች

አልፍሬድ ኖቤል ስዊድናዊ የኬሚስትሪ ባለሙያና ባለፋብሪካ ነበር። ሀብት ያካበተው በአብዛኛው በድማሚት ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱንም ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው። በ1895 ፓሪስ ላይ በፈረመው ኑዛዜ፣ ከንብረቱ አብዛኛው ተቀምጦ ትርፉ ለሰው ልጅ ታላቅ ጥቅም ላስገኙ ሰዎች በየዓመቱ እንዲሰጥ አዘዘ። ኖቤል በዲሴምበር 10 ቀን 1896 ሞተ። የመጀመሪያው ሽልማት የተሰጠው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ በ1901 ነበር። በዚያ ዓመት የፊዚክሱን ሽልማት የወሰደው ጀርመናዊው ዊልሄልም ሮንትገን ነው። ዛሬ አጥንታችን ሲሰበር ወይም ደረታችን ሲታመም ራጅ የምንነሣው በእርሱ ግኝት ነው።

በሙስሊሙ ዓለምም ተመሳሳይ ሐሳብ ተጠንስሷል። የሳዑዲው ንጉሥ ፈይሰል በ1975 ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው በ1976 በስማቸው አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ የንጉሥ ፈይሰል ዓለም አቀፍ ሽልማትን ከ1979 ጀምሮ ሪያድ ላይ መስጠት ጀመረ። መጀመሪያ ሽልማቱ ለእስልምና አገልግሎት፣ ለኢስላማዊ ጥናትና ለዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ነበር። በ1982 የሕክምና፣ በ1984 ደግሞ የሳይንስ ሽልማት መሰጠት ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። የመጀመሪያው የሳይንስ ሽልማት የተሰጠው ለጀርመናዊው ጌርድ ቢኒግና ለስዊዘርላንዳዊው ሃይንሪሽ ሮረር ነበር። ሁለቱ ሰዎች የአንድን ነገር አተሞች አንድ በአንድ ለማየት የሚያስችል ማይክሮስኮፕ ሠርተዋል። ሪያድ ከሸለመቻቸው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1986 ስቶክሆልምም ሸለመቻቸው። የሪያዱ ዳኞች ሥራውን እንጂ የሠሪውን ዘር ወይም ሃይማኖት አልመዘኑም ማለት ነው። ዕውቀት በሥራው ሲመዘን በሩ ከሁለቱም ወገን ክፍት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

«ዶክተር አሕመድ» የሚል ጽሑፍ

በሁለቱም ሽልማቶች መዝገብ ውስጥ ስማቸው ከሰፈረው አንዱ ግብፃዊው አሕመድ ዘወይል ናቸው። የተወለዱት በ1946 ደመንሁር በምትባል ከተማ ሲሆን፣ ያደጉት በታላቅ መስጊዷ በምትታወቀው በደሱቅ ነው። ሦስት እህቶች የነበሩት ትንሹ አሕመድ ለቤቱ ብቸኛ ወንድ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ የሚያጠናበትን ክፍል ለይቶ ከሰጠው በኋላ በሩ ላይ «ዶክተር አሕመድ» የሚል ጽሑፍ ለጠፈለት። ልጁ ያኔ ዶክተር ሊሆን ቀርቶ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚመስል እንኳ አላየም።

አሕመድ አንድ ቀን እናቱ ቡና የምታፈላበትን ትንሽ ምድጃ ወስዶ ከመስታወት ቱቦዎች ጋር አገጣጠመና መኝታ ክፍሉ ውስጥ እንጨት ማንደድ ጀመረ። እንጨቱ ወደ ጋዝና ወደ ፈሳሽ እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት ነበር። ቤቱ ሊቃጠል ይችል እንደነበር ከብዙ ዘመን በኋላ ራሳቸው እየሣቁ ጽፈውታል።

አሕመድ በአሌክሳንድሪያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1969 ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በ1974 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ በ1976 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ማስተማር ጀመሩ። የተያያዙት ጥያቄ ያው የልጅነቱ ጥያቄ ነበር፤ ነገር ሲለወጥ በመካከሉ ምን ይሆናል? ኬሚስቶች ከለውጡ በፊት ያለውንና ከለውጡ በኋላ ያለውን ያውቁ ነበር። መካከሉ ግን እጅግ ፈጣን በመሆኑ ማንም አላየውም። አንድ ሰከንድ ለአንድ ሚሊዮን ተከፍሎ፣ ያ ቅንጣት ደግሞ እንደገና ለአንድ ቢሊዮን ቢከፈል የሚገኘው ጊዜ «ፌምቶሰከንድ» ይባላል። ፌምቶሰከንድ ከአንድ ሰከንድ ጋር ሲነጻጸር፣ አንድ ሰከንድ ከ32 ሚሊዮን ዓመት ጋር እንደሚነጻጸር ያህል ነው። ፕሮፌሰር አሕመድ በዚህ መጠን አጭር በሆነ የሌዘር ብልጭታ ለውጡን አስጀምረው፣ በሌላ ብልጭታ ደግሞ መካከሉን ለማየት ቻሉ። በ1989 የንጉሥ ፈይሰልን ሽልማት፣ በ1999 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። በ2016 ሲያርፉ የተቀበሩት በሀገራቸው በግብፅ ነው።

ውድ አንባቢያን! ከሜዳሊያው በፊት የሠላሳ ዓመት የስደት ሥራ ነበር። ከስደቱ በፊት ደግሞ የእናት ምድጃና በበር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነበረ።

በድሮው የሚጽናናው ወገናችንም ይህንን ቢያስብ መልካም ነው። የበስራው ኢብን አል-ሀይሠም ከሺህ ዓመት በፊት ካይሮ ተቀምጦ ስለ ብርሃንና ስለ ዕይታ ሰባት ክፍል ያለው መጽሐፍ ሲጽፍ ሜዳሊያ የሚሰጠው አልነበረም። የምናየው ብርሃን ወደ ዓይናችን ሲገባ መሆኑን በሙከራ እየፈተነ አስረዳ። የኢብን አል-ሀይሠም ወራሽ የሚባለው ስሙን የሚጠራው ሳይሆን፣ እንደ እርሱ ጠይቆ የሚፈትነው ነው።

የተቆለፈው ቤተ መጻሕፍት

በሁለቱም መዝገቦች የሚገኙት ሌላው ሰው ዑመር ያጊ ናቸው። በ1965 ዐማን ላይ ከፍልስጤም ስደተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። ብዙ ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ውኃና መብራት በሌለበት በአንድ ክፍል ይኖር ነበር። የዑመር ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ዘወትር ይቆለፍ ነበር። ልጁ በዐሥር ዓመቱ አንድ ቀን ሾልኮ ገባና ያገኘውን መጽሐፍ ገለጠ። ምንነታቸውን ያላወቃቸው ሥዕሎች ዓይኑን ያዙት፤ የሞለኪውል ሥዕሎች ነበሩ። በ15 ዓመቱ በአባቱ ቁርጥ ትእዛዝ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደ።

ፕሮፌሰር ዑመር ብረት ነክ ንጥረ ነገሮችን ከካርቦን ውሁዶች ጋር እያያያዙ በውስጣቸው ስፍር ቁጥር የሌለው ባዶ ቦታ ያላቸው ጠጣር ነገሮችን ሠሩ። በ1999 ካስተዋወቁት አንዱ፣ ጥቂት ግራም ብቻ ሆኖ በውስጡ ያለው ገጽ ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ ያክላል። ከእነዚህ ነገሮች አንዳንዶቹ ሌሊት ከበረሃ አየር እርጥበት ይይዛሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ሲያሞቃቸው የሚጠጣ ውኃ ይለቃሉ። ውኃ በሌለው ቤት ያደገ ልጅ ከአየር ውኃ ለማውጣት በቃ! በ2015 የንጉሥ ፈይሰልን፣ በ2025 ደግሞ ከሱሱሙ ኪታጋዋና ከሪቻርድ ሮብሰን ጋር የኖቤልን ሽልማት አገኙ።

«እኛ ያልተማርን ወላጆች ምን ማድረግ እንችላለን?» የሚል ይኖር ይሆናል። የቱርኩ ዐዚዝ ሳንጃር ወላጆች ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ነገር ግን ስምንቱም ልጆቻቸው እንዲማሩ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ዐዚዝ ሐኪም ሆነው በገጠር ካገለገሉ በኋላ ወደ ምርምር ገቡ። በአሜሪካ ዶክትሬታቸውን ይዘው ሦስት ቦታ ቢያመለክቱ ሦስቱም ስላልተቀበሏቸው፣ በላቦራቶሪ ረዳትነት ተቀጥረው መሥራታቸውን ቀጠሉ። የሰውነታችን ሕዋስ በፀሐይ ጨረር የተጎዳውን ዲኤንኤ እንዴት ቆርጦ እንደሚጠግን በማሳየታቸው በ2015 የኖቤል ተሸላሚ ሆኑ።

ሴቶች ልጆቻችንንም አንርሳ። ቴህራን ውስጥ በ1977 የተወለደችው መርየም ሚርዛኻኒ፣ ታላቅ ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የተማረውን ይነግራት ነበር። በ2014 በሒሳብ ታላቁን የፊልድስ ሜዳሊያ ስትቀበል በሽልማቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች።

ከእኛው ደጃፍ

ይህ ሁሉ ሩቅ ሀገር ነው ካላችሁ ወደ ሀገራችን እንመለስ። እናቶቻችን እንዶድን ቀጥቅጠው ልብስ ሲያጥቡበት ኖረዋል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። የቢልሃርዚያ ትል የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ዶክተር አክሊሉ ያዩትን ሳይንቁ ለምን ብለው ጠየቁ። ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ለብዙ ዓመታት በእንዶድ ላይ ከደከሙ በኋላ፣ ሁለቱም በ1989 ስዊድን ውስጥ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶዱ ሁላችንም ቤት ነበረ፤ የጎደለው ጠያቂ ነበር።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችሁን ለሜዳሊያ አሳድጉ ማለቴ አይደለም። ሜዳሊያ ለጥቂቶች ነው፤ በየላቦራቶሪውና በየክሊኒኩ ሰውን የሚጠቅሙ አብዛኞቹ ስማቸው ሳይጠራ ያልፋሉ። ሃይማኖታችን ግን ሰው ከሞተ በኋላ ምንዳው ከማይቋረጥባቸው ሥራዎች አንዱ ጠቃሚ ዕውቀት መሆኑን አስተምሮናል፤ ለዚህ የስቶክሆልም ዳኛ አያስፈልግም። ንያው ከተስተካከለ ሥራው ዒባዳ ነው።

እንግዲያስ ዛሬ ማታ ቤታችሁን ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። ቴሌቪዥኑ የራሱ ጠረጴዛ አለው፤ ልጁስ የሚያጠናበት አንድ ጥግ አለው? ልጅቷ «ለምን?» ብላ ስትጠይቅ የምታገኘው መልስ ነው ወይስ «ዝም በይ» የሚል ቃል? በሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ የተቆለፈ የመጻሕፍት ክፍል ካለ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በሚቀጥለው መስከረም ዜናው ሲነገር፣ አጠገባችሁ የተቀመጠው ልጅ ከእናንተ የሚሰማው ሌላ ወሬ ይሁን። በክፍሉ በር ላይ የምትለጥፉት ወረቀት ብዙ አያስወጣችሁም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ለእኛም ለልጆቻችንም ይወፍቀን። አሚን።